ሳትሰናበት እንዳትመጣ

ጅማ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወዳጄ፤

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ቤተሰቤም ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ከተጻጻፍን ብዙ ዓመታት አልፈዋል፤ አንተ በማላዊ፣ እኔ በሩዋንዳ ሆነን አንዳችን የሌላውን ወሬ ከሰው አፍ እየሰማን ኖረናል። ባለፈው ሐሙስ ገበያ ወጥቼ እኅትህን አገኘኋትና በምዙዙ ከተማ የያዝከው ሥራ ሊያልቅ መቃረቡን፣ ለገናም ጠቅልለህ ልትገባ ማሰብህን ነገረችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ቃል የለኝም። ከደስታው ጋር ግን አንድ ነገር ስላሳሰበኝ፣ ሥራው ሁሉ ቆይ ብዬ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተቀመጥኩ።

ያሳሰበኝ አሰነባበትህ ነው። ከጅማ እርሻ ኮሌጅ በተመረቅን ማግስት፣ ሁላችንም ግቢው በር ላይ ተቃቅፈን ስንላቀስ አንተ በመካከላችን አልነበርክም፤ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተህ በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ተሳፍረህ ነበር። ቆይተን ስንጠይቅህ «መሰነባበት ሆዴን ያባባዋል» አልከን፤ እኛም ጠባይህን ስለምናውቅ አለፍነው። የአሁኑ ግን እንደዚያ የሚታለፍ አይመስለኝም። ልጆችህ የተወለዱበትን፣ የጎልማሳነት ጉልበትህን ያፈሰስክበትን አገር ሌሊት ተነሥተህ እንዳትለቀው እለምንሃለሁ። ለዚህም ስል ባለፈው ሐምሌ እኔ ራሴ ከሩዋንዳ እንዴት እንደወጣሁ ልጽፍልህ ወደድኩ።

እንደምታውቀው የኖርኩት ከኪጋሊ በስተደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው በሁዬ ነበር። የቀድሞ ስሟ ቡታሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የሩዋንዳ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተባት የተማሪ ከተማ ናት፤ በዚህም፣ በከፍታዋም፣ በቀይ አፈሯም ጅማን ታስታውሰኝ ነበር። ሥራዬ በዙሪያዋ ባሉት ኮረብቶች ላይ በተሠሩት የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች ጥራት መቆጣጠርና ቀማሾችን ማሠልጠን ነበር። በዚያ አገር ለቀማው ከመጋቢት እስከ ሐምሌ ይዘልቃል፤ ውሌም ከለቀማው ጋር አብሮ እንደሚያበቃ በጥር ወር ሲነገረኝ፣ ስንብቱን ለመጨረሻው ሳምንት ላለማቆየት ወሰንኩ። መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ያደረገልኝ ሽኝት ለስላሳ፣ ብስኩትና አንድ የምስክር ወረቀት ነበር፤ እሱንም በምስጋና ተቀብያለሁ።

መጀመሪያ የተሰናበትኩት ሥራውን ነው። ሥራ የሚሰናበቱት ደግሞ ለሚተካ ሰው በሚገባ ሲያስረክቡት ነው። በሩዋንዳ ቡና ላይ «ድንች» የሚሉት፣ እኛ ዘንድ ብዙም የማይወራ ጠንቅ አለ። አንቴስቲያ የሚባለው ትኋን እሸቱን ሲወጋው በዚያ ቀዳዳ ባክቴሪያ እየገባ ፍሬውን እንደሚያበላሸው ይነገራል፤ የሚተርፈው የተላጠ ጥሬ ድንች የሚመስል ሽታ ነው። ገለባው ከተነሣለት በኋላ ፍሬውን በዓይን ቢያዩት ከጤነኛው አይለይም። ሽታው ብቅ የሚለው ቡናው ተቆልቶ ሲፈጭ ነው፤ አንዲት ፍሬ አንድ ስኒ ሙሉ ታበላሻለች፣ አጠገቡ ያለው ስኒ ግን ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ከአንድ ናሙና አምስት ስኒ እያዘጋጀን አንድ በአንድ የምናሸተው ይህን የመሰለው ጉድለት እንዳያመልጠን ነው።

እኔን የተካችው ወጣት ሥራ የጀመረችው በማድረቂያ አልጋ ላይ ብልሽት በመልቀም ነበር። በመጨረሻው የቅምሻ ቀን ሆን ብዬ ዳር ቆሜ ዝም አልኩ። ውኃ ሳይፈስባቸው፣ ስኒዎቹ ውስጥ ያለውን ደረቅ ዱቄት ጠረጴዛውን እየዞረች አሸተተች። አንዱ ጋ ስትደርስ መዳፏን ከደነችበት፤ ጥቂት ቆይታ ገለጥ አድርጋ ደግማ አሸተተችና ስኒውን በሁለት ጣቷ ወደ ጠርዙ ገፋችው። ምንም አላለችም፣ ወደ እኔም ዞራ አላየችም። ከዚያ በፊት ግን እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማት ሁልጊዜ የእኔን ፊት ታይ ነበር። ሥራው ከእጄ ወጥቶ ከባለቤቱ እጅ እንደገባ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው፤ ወዳጄ፣ እንዲያ ያለ ዕረፍት ተሰምቶኝ አያውቅም።

በመካከሉ መጋቢት 29 ደረሰ። በ1986 ዓ.ም. በቱትሲዎች ላይ የተፈጸመው፣ 100 ቀን የዘለቀው የዘር ጭፍጨፋ የሚታሰበው ከዚያ ዕለት ጀምሮ ነው፤ ዘንድሮ የምልህ ባለፈው መጋቢት፣ 30ኛ ዓመቱ ነበር። የመታሰቢያው ሳምንት ከለቀማው መጀመሪያ ጋር ይገጥማል፤ ሙዚቃ ይቆማል፣ ሠርግ አይደረግም፣ ከሰዓት በኋላ ሰው በየመንደሩ ተሰብስቦ ይቀመጣል። እኔም እንደ ጎረቤት በየዓመቱ አብሬ እቀመጥ ነበር። ከእነሱ የተማርኩት ትልቁ ነገር የማይጠየቅ ነገር እንዳለ ነው፤ ሰውየው ሊነግርህ ከወደደ ይነግርሃል፣ ካልወደደም አብሮ መቀመጡ ይበቃል። እኛስ ለቅሶ ስንደርስ የምናደርገው ይህንኑ አይደል?

ቡና ለጣቢያው ከሚያስረክቡት ገበሬዎች መካከል አንዲት አዛውንት ነበሩ። ባላቸውንና ወንዶች ልጆቻቸውን በዚያ ዘመን አጥተዋል፤ ይህን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፣ እሳቸው አንድም ቀን አንሥተውብኝ አያውቁም። ቅርጫታቸውን በራሳቸው ላይ ተሸክመው ቁልቁለቱን ወርደው ሲመጡ፣ ከመመዘኑ በፊት እጃቸውን እሸቱ ውስጥ ከትተው ከታችም ከላይም ቀይ ብቻ መሆኑን ያሳዩኝ ነበር። በሰኔ ልሰናበታቸው ቤታቸው ሄድኩና ስለ አገሬ ሲጠይቁኝ፣ በተሰባበረው ቋንቋዬ፣ እኛ ዘንድ ገበሬው ከማሳው የለቀመውን ቡና ቆልቶ፣ ጎረቤት ጠርቶ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ እንደሚጠጣው ነገርኳቸው። አላመኑኝም። ቡና ወደ ሩዋንዳ የገባው እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ በሚሲዮናውያን እጅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው እንዲተክልና እንዲያስረክብ ተነገረው እንጂ እንዲጠጣ የነገረው አልነበረም፤ ስለዚህም ብዙው አምራች ጣዕሙን ሳያውቀው ይኖራል። አዛውንቷም ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲኮተኩቱ ኖረው አንድ ስኒ ቀምሰው አያውቁም ነበር።

ይህ ነገር እንቅልፍ ነሣኝ። በፈረንጆቹ ወር የመጨረሻዋ ቅዳሜ ጠዋት ሰው ሁሉ አካፋና መጥረጊያ ይዞ ለኡሙጋንዳ፣ እንደ እኛ ደቦ ላለው የኅብረት ሥራ፣ ይወጣል። ሥራው ሲያበቃ ከጅማ ይዤው የሄድኩትን ጀበና፣ ስኒና ረከቦት ጣቢያው ግቢ አወጣሁ። ቄጤማ ስላልተገኘ ሣር ጎዘጎዝኩ። ቡናው የአዛውንቷ የራሳቸው ቡና ነበር፤ ካስረከቡት ምርት ገዝቼ ለይቼ አስቀምጬው ነበር። አጠብኩት፣ በብረት ምጣድ ቆላሁት፣ ጢሱንም በየተራ አስሸተትኳቸው፤ ሙቀጫ ከጎረቤት ተዋስን። በቤታችን ይህን የሚያደርጉት እናቶቻችንና እኅቶቻችን ናቸው፤ እኔም እናቴ ስታፈላ እያየሁ ያደግኩትን እያስታወስኩ ነው የሠራሁት።

አቦሉን ቀድቼ መጀመሪያ ለአዛውንቷ ሰጠኋቸው። ስኒውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፉት አሉና ፊታቸው ተኮማተረ። ስኳር ጨመርኩላቸው፤ ደግመው ፉት አሉና ጥቂት ቆዩ። ከዚያ ወደ ሌሎቹ ገበሬዎች ዞረው «ስንሸጠው የኖርነው ይህን ነው?» አሉ። ማንም መልስ አልሰጣቸውም። ቶናውን ጠጡ፤ በረካው ሲደርስ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ስለ ልጆቻቸው ነገሩኝ፣ ስማቸውንም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። የነገሩኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የተሰጠኝ አደራ ነው። ሳልሰናበት ሄጄ ቢሆን ኖሮ ግን ያ አደራ አይደርሰኝም ነበር። ለአንተ ልነግርህ የፈለግኩት ይህን ነው። ሰው ለሚኖር ጎረቤቱ የማይነግረውን ለሚሄድ ሰው ይነግራል፤ የሚሄደው ሰው ቁጭ ብሎ ጊዜ ከሰጠው።

ሲመሽ እስከ ዋናው መንገድ ሸኙኝ። በዚያም አገር እንግዳን ከበር ላይ ሸኝቶ መመለስ አይወደድም፤ ጥቂት አብረው ይሄዳሉ፣ ቆመው ይጨዋወታሉ፣ ደግሞ ጥቂት ይሄዳሉ። ሴቶቹ የሰፉትን፣ ክዳኑ ሾጣጣ የሆነ ሙዳይ ሰጡኝ፤ ዛሬ እናቴ ቤት ተቀምጧል። አለቀስኩ፣ እነሱም አለቀሱ። ሆድ መባባቱ አይቀርም፤ አንተ ከልጅነትህ ጀምሮ የምትሸሸው እሱን እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በማግስቱ ኪጋሊ አውሮፕላን ማረፊያ ስቀመጥ ያልጨረስኩት ነገር እንዳለ ሆኖ አልተሰማኝም።

አሁን በአባቴ የቡና ማሳ ላይ ነኝ፤ ጎማ ወረዳ፣ አጋሮ አጠገብ ያለውን ታስታውሰዋለህ፤ ከጅማ እየተመላለስኩ ለቀማውን እከታተላለሁ። ያቺ ወጣት ቀማሽ አልፎ አልፎ ትደውልልኛለች፤ እኔም ስለ ማድረቂያ አልጋ አያያዝ እጠይቃታለሁ። ምነው እንዲህ አልክ አትበለኝና፣ እዚህ ሳየው ያንገበገበኝ ነገር አለ። የቡናው መገኛ እኛ ነን፤ የመልኮ የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1974 የመረጣቸው 74110ንና 74112ን የመሳሰሉ ሲቢዲ የሚባለውን የቡና ፍሬ በሽታ የሚቋቋሙ ዝርያዎች በእጃችን ናቸው፤ ሆኖም ቀዩን ከአረንጓዴው ጋር እያግበሰበስን ምርታችንን «ጅማ አምስት» በሚባለው ዝቅተኛ ደረጃ እያስመደብን እንሸጣለን። ዘንድሮ ከጎረቤት ልጆች ጋር ቀይ ብቻ እየለቀምን ነው፤ እጄን ቅርጫቱ ውስጥ ከትቼ ስፈትሽ አዛውንቷ በዓይኔ ይመጡብኛል።

አንተም በሚሱኩ ኮረብቶች ላይ ከእኛው ደን የሄደውን ጌሻ የተባለ የቡና ዝርያ ከሚያለሙት ገበሬዎች ጋር ስንት ለቀማ አሳልፈሃል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ ስማኝ። ሻንጣ ከመሸከፍህ በፊት የሚተካህን ሰው አጠገብህ አስቀምጠህ አንድ ሥራ ከጅምሩ እስከ ፍጻሜው ሲሠራ እየው። በየቤቱ ሂድ፤ መሥሪያ ቤት የሚደረገው ድግስ የቤቱን አይተካም። ልጆችህም ለጓደኞቻቸው ደህና ሁኑ የሚሉበት ቀን ይኑራቸው፤ አገራቸው እሱ ነበርና ከአንተ ይልቅ ለእነሱ ይከብዳል። ባለቤትህም የራሷ የምትሰናበታቸው ሰዎች ይኖሯታል።

ለገና እንድትደርስ እኅትህ ቤቱን ማስቀባት ጀምራለች፤ እኔ ግን አነጋግሬያታለሁ፣ ብትዘገይም አትቀየምም። ገናንም ጥምቀትንም እዚያው ከሰዎችህ ጋር ዋል፤ ለፋሲካ ብትደርስልን ይበቃናል። ቀኑን ስትቆርጥ ጻፍልኝ፤ ቦሌ መጥቼ እቀበልሃለሁ፤ በወሊሶ በወልቂጤ አድርገን፣ ጊቤን ተሻግረን አብረን ጅማ እንገባለን። ለባለቤትህና ለልጆችህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ እናቴም ትስምሃለች።

ናፋቂ ወንድምህ፣
ከጅማ