ጉዳዩ፦ የሮልስ ሮይስ ሲልቨር ሻዶው መኪኖችን የጥገና ቅደም ተከተል ይመለከታል

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ከ1965 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. የተመረተውን ሲልቨር ሻዶው ይዛችሁ ስትመጡ ብዙ ጊዜ የምትጠይቁን «ቀለሙን አብሩልን፣ እንጨቱን አድሱልን፤ ፍሬኑ ደህና ስለሆነ ይቆይ» ብላችሁ ነው። እኛ ደግሞ ከፍሬኑ ጀምረን ቀለሙን እናስቆያለን። ቅር ያላችሁ ስላላችሁ ምክንያቱን በዝርዝር ልንገልጽላችሁ ወደድን።

የዚህ መኪና ፍሬን እንደሌላው አይደለም። ሞተሩ የሚያንቀሳቅሳቸው ሁለት ፓምፖች የፍሬን ዘይቱን ወደ ሁለት የግፊት ማጠራቀሚያ ሉሎች ይገፋሉ። በየሉሉ ውስጥ ከዘይቱ በላስቲክ የተለየ ናይትሮጂን ጋዝ አለ፤ ግፊቱን ይዞ የሚያቆየው እሱ ነው። ግፊቱ ወደ 170 ባር ይደርሳል፤ የመኪናውን የኋላ ከፍታ የሚያስተካክለውም ይኸው ግፊት ነው። ታዲያ መኪናው ጥላ ውስጥ ተሸፍኖ ቢቆምም ላስቲኩና ዘይቱ አያርፉም። ላስቲኩ ይደርቃል፣ ጋዙ በጊዜ ብዛት ይሾልካል፣ ዘይቱም እርጥበት ይስባል። ስለዚህ ኪሎሜትር ቆጣሪው ትንሽ ማሳየቱ ለፍሬኑ ዋስትና አይሆንም።

ሉሎቹን ቤታችሁ ልትፈትሹ ትችላላችሁ። መኪናውን ሜዳ ላይ አቁማችሁ ጎማውን በታኮ ያዙ። ሞተሩን አስነሱና የፍሬን ማስጠንቀቂያ መብራቶቹ እስኪጠፉ ጠብቁ፤ ጥቂት ደቂቃ ካሠራችሁት በኋላ አጥፉት። ከዚያ ሞተሩን ሳታስነሱ ቁልፉን ብቻ ክፈቱና ፔዳሉን እየቆጠራችሁ ርገጡ። ጤነኛ ሉል ብዙ ርግጫ ይችላል። አሥር ሳትደርሱ መብራቱ ከበራ ጋዙ አልቋል ማለት ነውና መኪናውን አትንዱት፤ በጭነት መኪና አስጭናችሁ አምጡት።

በዘይቱ ጉዳይ ግን አጥብቀን እንለምናችኋለን። ለሲልቨር ሻዶው የተመደበው አርአር363 የሚባለው ነው። ዓይነቱ እንደ ተራው የፍሬን ዘይት ግላይኮል ሆኖ ፓምፖቹን የሚያለሰልስ የጉሎ ዘይት ተጨምሮበታል። ከ1980 ወዲህ የመጡት ተከታዮቹ ሞዴሎች ደግሞ አረንጓዴ የማዕድን ዘይት ይጠቀማሉ። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ጎሚኒዎቹ ያብጣሉ፤ ያኔ ማፍሰስና ማጠብ ብቻውን ስለማይበቃ መላው መስመር ተፈትቶ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየራል። አንድ ብርጭቆ የተሳሳተ ዘይት ከማናቸውም የቀለም ሥራ የበለጠ ያስወጣል። የጎደለው ምን ዓይነት እንደሆነ ካላወቃችሁ አትሙሉ፤ ደውሉልን።

ዘይቱን በየሁለት ዓመቱ እንቀይራለን። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት ደረጃ፣ አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ 3.7 በመቶ ያህል ውሃ ሲገባበት ግን የመፍላት ዝቅተኛ መስፈርቱ ወደ 155 ዲግሪ ይወርዳል፤ የግላይኮል ዘይቶች ሁሉ ጠባይ ይኸው ነው። የላስቲክ ቱቦዎቹንም ከውጭ ንጹሕ ቢመስሉም በዕድሜያቸው እንቀይራለን። ውስጣቸው ሲያብጥ ዘይቱን ወደ ጎማው ያሳልፉና መመለሻ ይከለክሉታል፤ ፍሬኑ ይይዛል፣ አይለቅም። አጭር መንገድ ነድታችሁ አንዱ ቸርኬ ከሌሎቹ ይልቅ ከጋለ ይህን ጠርጥሩ።

ቀለሙ የሚቆይበት ሌላም ምክንያት አለ፤ ይህ ዘይት ቀለም ይልጣል። ትናንት የተወለወለ ኮፈን ላይ ጠብ ያለ ዘይት ቶሎ ካልታጠበ ጠባሳ ይተዋል።

ሞተሩን በተመለከተ በአጭሩ፦ ብሎኩ አልሙኒየም ሲሆን ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው የብረት ቱቦዎች በቀጥታ በውሃ የተከበቡ ናቸው። ተራ ውሃ ብቻ ከተሞላ ዝቃጩ ከኋላ በኩል ባሉት ሲሊንደሮች ዙሪያ ይከማቻል፤ ሙቀቱም እዚያ ይበረታል። ውሃና ፀረ ዝገት ፈሳሽ እኩል ተቀላቅለው በየሁለት ዓመቱ ይቀየራሉ።

ወደሚታየው ክፍል ስንመጣ አሠራራችን ይገለበጣል፤ ያልተነካ ይሻላል። በሮቹ፣ ኮፈኑና የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን አልሙኒየም ናቸው፣ የቀረው አካል ብረት ነው። በማግኔት ብቻ የሚሠራ የቀለም ውፍረት መለኪያ አልሙኒየሙ ላይ አይሠራም፤ ስለዚህ መኪና ስትገዙ መለኪያው ሁለቱንም የሚያነብ መሆኑን አረጋግጡ። ንባቡ ከ1000 ማይክሮን (ከአንድ ሚሊሜትር) ካለፈ ሥሩ ስቱኮ አለ። በጣም የሳሳ ቦታ ላይ ደግሞ ማሽን አናሳርፍም፤ የቀድሞው ሴሉሎስ ቀለም ብዙውን ጊዜ የላይ መከላከያ ሽፋን ስለሌለው ስትወለውሉት ጨርቁ ላይ የሚወጣው ራሱ ቀለሙ ነው።

የዳሽቦርዱን እንጨት ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ከዋልነት ጉጥ በተከታታይ የተላጡ ስስ ልጣጮች እንደ መጽሐፍ ገጽ ተከፍተው ስለሚለጠፉ የግራው ሥዕል በቀኝ ተገልብጦ ይደገማል። ልጣጩ አንድ ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። በብርጭቆ ወረቀት የተበሳ ቦታ በሌላ ቁራጭ ቢደፈንም ሥዕሉ አይገጥምም፤ ጎረቤቱ ልጣጭ የለማ። ቫርኒሹ ብቻ ከተሰነጠቀ ስንጥቁን ሞልተን እንተወዋለን። ልጣጩ ከተነሣና ከጠቆረ እርጥበት ገብቷልና ሳይዘገይ ይምጣ። ሲሊኮን ያለበት ማስወልወያ ግን አትቀቡት፤ በኋላ ቫርኒሽ አይዝበትም።

የፊት ፍርግርጉ ክሮም የተቀባ የሚመስላቸው አሉ። በእጅ የተበየደ የማይዝግ ብረት ነው፤ መስመሮቹም ለዓይን ቀጥ ብለው እንዲታዩ በጥቂቱ ጎበጥ ተደርገው ተሠርተዋል። የማሽን ብሩሽ ጠርዙን ያደበዝዘዋል፤ ለስላሳ ጨርቅና ለብ ያለ የሳሙና ውሃ ይበቃዋል።

ለቀጠሮ ስትመጡ ከዚህ በፊት የተሞላውን ዘይት የሚያሳይ ደረሰኝ ካለ ያዙልን። ሞተሩን በግፊት ውሃ አሳጥባችሁ አታምጡት፤ ዘይት የሚንጠባጠብበትን ቦታ የምናገኘው በቆሸሸው ላይ ነው።

ከሰላምታ ጋር
የጥገና ክፍሉ