አባዬ፣ ሁለት ወር ስልክ አልይዝም

አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ሜላት የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጣሪያ ላይ ካልተወረወረ ደህና አይበቅልም ብዬ ነግሬያት፣ የኛ ፎቅ ጣሪያ ደግሞ የሚደረስበት ስላልሆነ ዳዊት የጎረቤት ጋራዥ ላይ ወረወረላት። እሁድ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ትማራለች። ስምህን በራሷ እጅ ጽፋልሃለች፤ ፎቶውን ሰለሞን ያሳይህ። «ሻለቃ» የሚለውን ቃ ገልብጣዋለች፣ እንዳትስቅባት።

ስለ ጣትህ ሰምቻለሁ። «ጫማ ነክቶኝ ነው» ብለህ ወሬ የቀየርክበት ነገር ሐኪሙን «ይቆረጥ ይሆናል» እስከማሰኘት መድረሱን ያወጣሁት ሰለሞንን አፋጥጬ ነው። አትቆጣው። የስኳር ቁስል ማር ስለቀቡት አይድንም። ማታ ማታ እግርህን በባትሪ ይይልህ፣ በጣቶችህ መካከልም ጭምር። ያ ጥቁር ጫማ ይጣል። ለመሆኑ መብራት ሲጠፋ ኢንሱሊኑን የት ነው የምታስቀምጡት? የበረዶ ሳጥኑን የላክሁት ለዚያ ነው፤ ሰለሞን ለቢራው እንዳያደርገው።

በቃ ወደ ነገሬ ልግባ። ሬንጀር የሚባል የአሜሪካ ጦር ኮርስ ልሄድ ነው፣ ጆርጂያ፣ ፎርት ቤኒንግ። እናንተ ኮማንዶ ከምትሉት ጋር ይቀራረባል። አንድም ዙር ሳይደግሙ ካለፉት 62 ቀን ነው። መጀመሪያ እዚያው ጫካ ውስጥ፣ ከዚያ ዳሎኔጋ የሚባል ተራራማ አገር፣ መጨረሻ ፍሎሪዳ ረግረግ ውስጥ ነው። እንቅልፉ ጥቂት ነው፣ ምግቡም ጥቂት። 12 ማይል፣ ወደ 19 ኪሎ ሜትር ማለት ነው፣ ከ16 ኪሎ ሸክምና ከጠመንጃ ጋር በ3 ሰዓት መጨረስ አለ። ማታ ማታ እየተለማመድኩት ነው፤ ተረከዜ ውሃ ቋጥሮ ፈርጦ ደድሯል። ከሁሉም የሚከብደው ግን ጓዶችህ እርስ በርስ የሚሰጡት ነጥብ ነው። አስተማሪው ቢያሳልፍህ እንኳ አብረውህ የተኙት ልጆች «ከዚህ ጋር ጦርነት አልሄድም» ካሉ ልትወድቅ ትችላለህ። ይህ አንተን ደስ የሚል ይመስለኛል።

መለኪያው ለወንድም ለሴትም አንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መስከረም ላይ የአሜሪካው መከላከያ ሚኒስትር ጄኔራሎቹን ቨርጂኒያ ሰብስቦ ለውጊያ ሥራ የወንድ መለኪያ ይሁን ብሎ ሲናገር ሰምተህ ይሆናል፣ አንተ ዜና አያመልጥህም። እዚህ ኮርስ ላይ መጀመሪያውኑ ሌላ መለኪያ ኖሮ አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ2015 ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙከራ ሲፈቀድ 19 ሴቶች ጀመሩ። ክርስቲን ግሪስትና ሼይ ሄቨር የመጀመሪያውን ዙር ሁለት ጊዜ ወድቀው «ከፈለጋችሁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሩ» ቢባሉ እሺ ብለው እንደገና ገቡ፤ ነሐሴ ላይ ተመረቁ። ሊሳ ጃስተርም እንደነሱ ከዜሮ ጀምራ ጥቅምት ላይ ወጣች፣ የ37 ዓመት ሴት፣ የሁለት ልጆች እናት። ወዲያው «አልፈው ሳይሆን አሳልፈዋቸው ነው» ተባለ፤ አንድ የኮንግረስ አባልማ ሰነዳቸው ይውጣ ብሎ ጠየቀ። የኮርሱን ምልክት ትከሻቸው ላይ ያደረጉ ቀን እንኳ የሬንጀር ሬጅመንቱ፣ ማለት የሚዋጋው ጦር፣ በሩ ለሴት ዝግ ነበር። የውጊያ ሥራ ሁሉ ለሴት ይከፈት ተብሎ የተወሰነው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። ከነሱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1980፣ አንዲት ካፒቴን የልዩ ኃይሉን ስልጠና ልትጨርስ ስትል ወደቅሽ ተብላ፣ አቤት ብላ በደል እንደተፈጸመባት ተረጋግጦላታል። እንግዲህ እኔ የምሄደው በተጠረገ መንገድ ነው። ዛሬ ያንን ኮርስ የጨረሱት ሴቶች ከ100 በላይ ናቸው።

በ2015ቱ ምርቃት ዋዜማ አብሯቸው የሰለጠነ አንድ ወንድ መኮንን ጋዜጠኞች ፊት የተናገረውን ልንገርህ። በጉዞ ላይ ሸክም ከብዶት «ማን ትንሽ ይያዝልኝ» ብሎ ቢለምን፣ ሁሉም ደክሞት ስለነበር ዝም አለ። እሺ ብላ የተቀበለችው ሼይ ብቻ ነበረች።

ይህን ሳነብ የመጣችብኝ ማን እንደሆነች ታውቃለህ። ያቺ የሳህል ልጅ።

ከአፋቤት ውጊያ በኋላ እናንተን እየነዳች ስትወስድ፣ አንተ ስታነክስ ኮሮጆህን የተቀበለችህ። ስንት ጊዜ አውርተኸናል! እማዬ ቡና እያፈላች «አሁንማ ልታገባት ነበር በለና» ስትልህ ትስቅ ነበር። ሻዕቢያ ውስጥ ስንት ሴት ተዋጊ እንደነበረ፣ በምን ዓይነት ጫማ ገደል እንደሚወጡ፣ የኛ ሰዎች መጀመሪያ ንቀዋቸው በኋላ እንዴት እንዳፈሩ፣ ሁሉንም የሰማሁት ካንተ አፍ ነው። ጠላትህ ነበረች፣ ማርካሃለች፣ «ጀግና ነበረች» ትላታለህ።

እኔን ግን ነርስ አልከኝ።

እንደማታስታውሰው ልታስመስል ትችላለህ። በእማዬ አርባ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የዕድሩ ዳኛ «ልጅዎ አሜሪካ ምን ትሠራለች?» ሲሉህ «ሆስፒታል ነው፣ ነርስ ናት» አልካቸው። ከኋላህ ንፍሮ ይዤ ቆሜ ነበር። ያኔ ካፒቴን ከሆንኩ ቆይቻለሁ፤ አንድ ማዕረግ ብቻ ነው የምትበልጠኝ። የመሃንዲስ ጦር መኮንን ነኝ፣ ፈንጂ አመከንኩ፣ ድልድይ ዘረጋሁ። ነርስነት ክቡር ሥራ ነው፣ ጣትህን የሚያክሙልህ እነሱ ናቸው። የገረመኝ ለመዋሸት ጊዜ እንኳ አለመውሰድህ ነው፤ ለካ መልሱ ተዘጋጅቶ የቆየ ነው። ሰለሞንን ግን፣ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ከፖሊስ ኮሌጅ የወጣውን ልጅህን፣ እስከ ዛሬ «ወታደርነት ደሙ ውስጥ ነው» ትላለህ።

ይኸው ጻፍኩት። ከዚያ በኋላም ብዙ አድርገህልኛል፤ ሜላትን ስወልድ ያን ሁሉ በርበሬና አጃ አስፈጭተህ የላክህልኝ አንተ ነህ። አልረሳሁትም።

አሁን ደግሞ የሚያስፈራኝን። እማዬ ስትታመም «ፈተና ላይ ናት፣ አይነገራት» ብላችሁ ደበቃችሁኝ። ስትሞትም ሰው ይዛችሁ፣ ቀን መርጣችሁ፣ ለቀብሯ ሳልደርስ ነው መርዶ የነገራችሁኝ። አሁንም «ስልጠናዋን ትጨርስ» እንዳትሉ። ጣቱ ከተቆረጠ ይነገረኝ። ከጣት የባሰም ከሆነ ይነገረኝ። ይህን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ እየከበደኝ ነው፤ ሌላ ቀን በሌላ አነጋገር ልልህ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም። ኮርሱ ይቆየኛል፣ ተመልሼ እገባለሁ። አንተን ግን ከምሩቃን ሰልፍ ላይ ወጥቼ በድንኳን ውስጥ መስማት አልፈልግም።

መንገዱም ቀላል ነው። ሰለሞን ለዳዊት ይደውላል፣ ዳዊት ለአሜሪካ ቀይ መስቀል ይደውላል፤ እነሱ ከሐኪም ቤቱ አጣርተው ጫካም ብሆን ለአዛዦቼ ያደርሳሉ። ለዚህ የሐኪሙ ስምና ስልክ ያስፈልጋል። ሰለሞን በወረቀት ጽፎ ፍሪጁ ላይ ይለጥፈው፣ አንዱን ደግሞ ለዳዊት ይላክ።

ፀጉሬን ልቆርጠው ነው፣ እንደ ወንዶቹ። ፎቶ አልልክልህም፣ ሐዘን የተቀመጥኩ ይመስልሃል። ሜላት ሹሩባዬን አስቀምጪልኝ ብላለች። እሷ ከአባቷ ጋር ነው የምትቆየው፤ የዳዊት እህትም ከዴንቨር ትመጣለች፣ ስለዚህ «ልጅቷን ለማን ትተሽ» የሚለውን ጥያቄ ከሐሳብህ አውጣው።

ቅዳሜ በእናንተ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ኮስተር ያለ ነገር ሳነሳ «ቆይ ሰለሞንን ላገናኝሽ» ብለህ እንደለመድከው ስልኩን እንዳታቀብል። ከመረቅከኝ ደስ ይለኛል። የማትመርቀኝ ከሆነም ለምን እንደሆነ አንተው በአፍህ ንገረኝ፣ ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። ማክሰኞ ቀጠሮህ እንዳያልፍ፤ መርፌውን ተወግተህ ደግሞ ቁርስ ሳትበላ እንዳትወጣ።

ልጅህ