ጎንበስ ብለን ያየነው፦ የተፈጥሮ ክበባችን ዓመት

ዘንድሮ ክበባችን 28 ልጆች ነበሩት። አብዛኞቹ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። መስከረም ላይ ስንሰበሰብ ሁሉም ስለ አንበሳ፣ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ዋልያ መሥራት ነበር የፈለገው። እኔ ግን ከእግራችን ሥር ካለው እንጀምር አልኩ። ቅጠል ሥር፣ ድንጋይ ሥር፣ የወደቀ ግንድ ሥር ካለው። ትንሽ ቅር አላቸው፣ ግን እሺ አሉ።

ደንባችን አንድ ነበር። ደብተሩ በግራ ገጽ "ያየሁት"፣ በቀኝ ገጽ "የተማርኩት" ይላል። ግራው ሳይሞላ ቀኙን መንካት ክልክል ነው። ምክንያት ነበረኝ። ልጆቻችን ስለ እንስሳት የሚያውቁት አብዛኛው ነገር ሲባል የሰሙት ነው። ጉንዳን ታታሪ፣ ኤሊ ታጋሽ፣ እባብ ተንኮለኛ። እንስሳውን ሳያዩት ትምህርቱ ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። እኔ ደግሞ መጀመሪያ እንዲያዩ ፈለግኩ።

በመሬት ትል ጀመርን። የሃይላንድ ጠርሙስ አናቱን ቆርጠን ከታች አሸዋ፣ ቀጥሎ ቀይ አፈር፣ እንደገና አሸዋ፣ ከላይ የደረቀ ቅጠል አደረግንበት። አምስት ትል ከተትን። ዙሪያውን በጥቁር ፌስታል ሸፍነን በየሁለት ቀኑ ውሃ ጠብ ጠብ እናደርግለት ነበር። ከአንድ ወር በኋላ ፌስታሉን ስንገልጠው የአሸዋውና የአፈሩ መስመር የለም። ቅጠሉም እየተጎተተ ወደ ጉድጓዳቸው ገብቷል። ክፍሉ ጸጥ አለ። ትል ዓይን የለውም፣ ሳንባም የለውም፣ የሚተነፍሰው በእርጥብ ቆዳው ነው፤ ግን ማንም ሳያየው ያን ሁሉ አፈር አገላብጦ አሳደረው።

በዚያው ሰሞን ስለ ቻርለስ ዳርዊን ነገርኳቸው። ዳርዊን ስለ ትል ከ40 ዓመት በላይ ሲከታተል ኖሮ መጽሐፉን ያወጣው በ1881 እ.ኤ.አ. ነው፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው። ትሎቹ ይሰሙ እንደሆነ ለማወቅ ቤቱ ውስጥ ፒያኖ አስመትቶላቸዋል። ንቅንቅ አላሉም። የተቀመጡበትን ሸክላ ፒያኖው ላይ ሲያደርገው ግን ንዝረቱ ተሰማቸውና ጉድጓዳቸው ገቡ። አንዷ ተማሪዬ በቀኝ ገጿ ላይ "ስለ ትል 40 ዓመት ማሰብ አያሳፍርም" ብላ ጻፈች። ይህን ዓረፍተ ነገር እኔም ለራሴ ገልብጬዋለሁ።

በበጋው ሦስት ቅዳሜ ጉለሌ እፅዋት ማዕከል ሄድን። ደረቅ ስለነበር ብዙ አላገኘንም። ትልቁ ጉዟችን በሚያዝያ ነበር፣ የበልጉ ዝናብ ጣል ጣል ሲያደርግ፣ ወጨጫ ተራራ ላይ ወዳለው መናገሻ ሱባ ደን። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን የጥድ ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ልጆቹ ጥዱንና ዝግባውን ቀና ብለው አይተው አይተው ሲጠግቡ፣ በሉ አሁን ጎንበስ በሉ አልኳቸው።

ብዙም ሳንቆይ አንዱ ልጅ የጉንዳን መንገድ ላይ ቆመ። ጩኸቱ ጉድ ነው! አብረውን የነበሩት የደን ጠባቂ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስበው አንድ በአንድ ነቀሉለት። አንዳንዱ ሲጎተት ሰውነቱ ይበጠሳል እንጂ ጥርሱን አይለቅም። ከዚያ ራቅ ብለን ቁጭ አልንና አየናቸው። ትልልቅ ጭንቅላት ያላቸው ወታደሮች ከግራና ከቀኝ አፋቸውን ከፍተው እንደ አጥር ቆመዋል፣ በመሃል ትንንሾቹ እጮቻቸውን ተሸክመው ይጎርፋሉ። እነዚህ ሠራተኞች ዓይን እንደሌላቸው ስነግራቸው አላመኑኝም። አንዱ የጣለውን ሽታ ሌላው እየተከተለ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ጥሩ ክርክር ተነሳ። ግማሹ "ሁሉም ለኋለኛው ምልክት ስለሚተው አይጠፉም" አለ። እኔ ደግሞ በአሜሪካ አህጉር የሚኖሩት የጉንዳን ዘመዶች አንዳንዴ የሽታው መንገድ ሲጠመዘዝባቸው እርስ በርስ እየተከተሉ ክብ እየዞሩ በድካም እንደሚያልቁ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። "ቲቸር፣ ታዲያ መከተል ጥሩ ነው መጥፎ?" አለኝ ያው የተነከሰው ልጅ። መልስ አልሰጠሁትም። ቀኝ ገጹን ክፍት ትቶት ሄደ፤ ለእኔ የዓመቱ ምርጥ ገጽ ያ ባዶ ገጽ ነው።

ከዚያ ሸረሪቷ መጣች። ቅጠል ሲገለጥ ፈትለክ ብላ ወጣችና ቆመች። ድር የላትም፣ ይህች ዓይነቷ ሮጣ ነው የምታድነው። ጀርባዋ ጠጉራም መሰለን። አጉሊ መነጽሩን ስናቀርብ ግን ጠጉር አይደለም፣ በደርዘን የሚቆጠሩ ልጆቿ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው ተጣብቀዋል። "አዝላቸዋለች!" አለች አንዲት ልጅ። ሸረሪት ስታይ የምትጮህ ልጅ ናት። እንቁላል ሳሉ በነጭ ከረጢት ከኋላዋ አስራ ትጎትታቸዋለች፣ ሲፈለፈሉ ደግሞ ራሳቸውን እስኪችሉ ጀርባዋ ላይ ይወጣሉ። ያቺ ልጅ ሩብ ሰዓት ያህል አልተነሳችም። የግራ ገጿ ሞልቶ ወደ ሌላ ቅጠል ተሻገረ።

ስንመለስ መንገድ ላይ እበት የሚያንከባልል ጥንዚዛ አገኘን። ኳሷ ላይ ይወጣል፣ ዞር ዞር ይላል፣ ይወርድና ቀጥ ብሎ ይገፋል። ሲወጣ ሰማዩን እያነበበ ነው። በሌሊት የሚሠራ ዘመዱ በፍኖተ ሐሊብ፣ ማለትም ሌሊት ሰማዩን አቋርጦ እንደ ነጭ መንገድ በሚታየው የከዋክብት ጭፍራ፣ ብርሃን አቅጣጫውን እንደሚጠብቅ የስዊድንና የደቡብ አፍሪካ ተመራማሪዎች በ2013 እ.ኤ.አ. አሳይተዋል። ለጥንዚዛዎቹ ትንንሽ ቆብ አጥልቀው ሰማዩን ሲከልሏቸው መስመራቸውን ሳቱ።

አንድ ነገር ለወላጆች ልንገር። ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ የሚጠራቀመው ቅጠል በየሳምንቱ ይቃጠል ነበር። ልጆቹ ራሳቸው ደብዳቤ ጽፈው፣ ደብተራቸውን ይዘው ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገቡ። ከግንቦት ጀምሮ አንድ ጥግ ሳይቃጠል ቀርቷል። ሰኔ ላይ፣ ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት፣ ከክፍል በፊት ሄደን ቅጠሉን ገለጥን። ሦስት ትል፣ አንድ ቀንድ አውጣ፣ ከሥሩ ደግሞ ነጭ ከረጢቷን የምትጎትት ሸረሪት። ልጆቹ ቅጠሉን ቀስ ብለው መለሱት።