ግልጽ ደብዳቤ፦ በሱሪናም ባርነት የቀረው በ1863 ነው ወይስ በ1873?

ለኔዘርላንድስ የማኅበራዊ ጉዳይና የሥራ ሚኒስቴር
ዴን ሃኽ

ክቡራን፣

ለአዲስ መጪዎች በሚሰጠው የኢንቡርገሪንግ (ከአገሩ ጋር የመላመጃ) ትምህርት ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ይህን ደብዳቤ በደች አስተርጉሜ በፖስታ ልኬላችኋለሁ። በአማርኛ ያወጣሁት አብረውኝ የተማሩ ያገሬ ልጆችም እንዲያነቡት ነው።

ነገሩ የጀመረው ስለ ሱሪናም፣ በደቡብ አሜሪካ ስላለችው የቀድሞ የደች ቅኝ ግዛት፣ በቀረበ አንድ የልምምድ ጥያቄ ነው፤ «ኔዘርላንድስ በሱሪናም ባርነትን ያስቀረችው መቼ ነው?» ይላል። 1873 ብዬ መለስኩ። መምህሯ በቀይ ሰርዛ 1863 ጻፈችበት። «ከየት አመጣኸው?» ስትለኝ «ከጎረቤቴ» አልኳት። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ጎረቤቴ ሰባዎቹን ያጋመሱ ሱሪናማዊት ናቸው። እንደ ሰፈሩ ልማድ «ታንተ» እላቸዋለሁ፣ በእኛ እትዬ እንደማለት ነው። ጁላይ 1 ሲደርስ ሰፊ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ በስታርች የደረቀ ጨርቅ ራሳቸው ላይ ያስራሉ። አንጊሳ ይሉታል። አስተሳሰሩ ራሱ ይናገራል፤ አንደኛው «ያውሩ፣ ምን ገዶኝ» ማለት ነው ብለውኛል። እናቴ ሻሿን ስታስር እንዲህ ያለ ነገር ትናገርበት እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም።

ቀኑ ኬቲ ኮቲ ይባላል፣ ሰንሰለቱ ተበጠሰ ለማለት። ታንተ ግን «የተበጠሰውስ ከአሥር ዓመት በኋላ ነው» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ጁላይ 1 ቀን 1863 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው) በሱሪናም ከ30,000 በላይ ሰዎች ነጻ ናችሁ ተባሉ። በእያንዳንዳቸው ስም 300 ጊልደር ካሳ ወጣ፤ ገንዘቡን የተቀበሉት ግን ጌቶቻቸው ናቸው። ከ15 እስከ 60 ዓመት ዕድሜ ያላቸው ደግሞ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሌላ አሥር ዓመት በውል እንዲሠሩ ተገደዱ። ቁጥጥሩ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ ጁን 5 ቀን 1873፣ ላላ ሩክ የምትባል መርከብ የመጀመሪያዎቹን ሕንዳውያን የኮንትራት ሠራተኞች ይዛ ደረሰች። እርሻው ያለ ጉልበት አንድ ወቅት እንኳ እንዲያልፍ አልተፈለገም። ከ1890 ጀምሮ ከጃቫ የመጡት ተከተሉ።

ይህ ሁሉ ለእኔ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1667 በብሬዳው ውል ሱሪናም ለደቾች፣ የዛሬዋ ኒውዮርክ ለእንግሊዞች ስትጸና፣ አገሪቱ የሸንኮራና የቡና እርሻ ሆነች። ከ1683 ጀምሮ ቅኝ ግዛቷን ያስተዳደረው ማኅበር ሲሶው የአምስተርዳም ከተማ ነበር። ግብር የምከፍልባት ከተማ ባለድርሻ ነበረች ማለት ነው።

በሰፈራችን አደባባይ የአንቶን ደ ኮም ሐውልት ቆሟል። ፓራማሪቦ ተወልዶ፣ በ1933 በቅኝ ገዥው መንግሥት ታስሮ ከአገሩ ተባረረ፤ እዚህ መጥቶም ናዚዎችን ሲታገል ተይዞ በ1945 በጀርመን ካምፕ ሞተ። ሐውልቱ ደረቱን ራቁቱን ያሳየዋል። ሲቆም ሱሪናማውያኑ የተቆጡት «ሰውየው ሱፍ ለባሽ ነበር» ብለው ነው። እኔም ባለፍኩ ቁጥር ኮት ባለበሱት እላለሁ።

ታንተ ቤት ሌላም ቀን አለ። በ1960ዎቹ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ የመብራት ኃይል ሲባል የአፎባካ ግድብ ተሠራና 6,000 ያህል ማሩኖች፣ ከባርነት አምልጠው ጫካ የገቡ ሰዎች ዘሮች፣ ከመንደራቸው ተነሡ። የአያታቸው መንደር ከውኃው በታች ነው። በ1975 ነጻነት ሲመጣ ከሕዝቡ ብዙ ሰው ወደዚህ ተሰደደ፣ እሳቸውም በዚያው መጡ። በ1980 ወታደሮች ሥልጣን ያዙ፤ በ1982 ዲሴምበር ተቃዋሚ የተባሉ 15 ሰዎች ተገደሉ። የዚያን ጊዜውን የጦር መሪ፣ ኋላ ፕሬዚዳንት የሆኑትን ዴሲ ቡተርሰን፣ የመጨረሻው ፍርድ ያገኛቸው በ2023 ነው። ስለዚህ ጉዳይ ታንተ ብዙ አያወሩም፤ ቴሌቪዥኑን ይዘጋሉ።

እኔ ሌላውን ለመክሰስ ንጹሕ ነኝ አልልም። በአገሬም ባርነት በአዋጅ ጨርሶ የተከለከለው በ1942 ነው፤ እኛም ትምህርት ቤት ብዙ አላወራንበትም። የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ በመማሪያው ላይ ከ1863 ጎን 1873ን ጨምሩ፣ 300ው ጊልደር ለማን እንደተከፈለም አንድ መስመር ጻፉ። መንግሥታችሁ በዲሴምበር 2022 ይቅርታ ጠይቋል። ንጉሡም ጁላይ 1 ቀን 2023 በአምስተርዳም ይቅርታ ሲጠይቁ የተከበረው 150ኛው ዓመት ነበር። ከ2023 ላይ 150 ቀንሱ።

ፈተናውን በተመለከተ አትጨነቁልኝ። በሁለተኛው ልምምድ ያው ጥያቄ ሲመጣ 1863ን አከበብኩ፤ ነጥቡን አገኘሁ። ለታንተ እስካሁን አልነገርኳቸውም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአምስተርዳም ደቡብ ምሥራቅ ነዋሪ