ይገባል፣ አይገባም

ይድረስ ለውድ አባቴ፦

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በእንግሊዝ አገር በሊድስ ከተማ ደህና ነኝ። ባለፈው በስልክ «ብረት የሚቀርጸውን የቶርኖ ማሽን ነክቶ የማያውቅ ሰው በጥቂት ጊዜ ሥልጠና እንዴት የመድፍ ጥይት ይሠራል?» ብለው ሲጠይቁኝ በችኮላ ስለመለስሁልዎ ቅር ብሎኝ ሰንብቷልና አሁን በጽሑፍ ላስረዳዎት።

እ.ኤ.አ. በ1915፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የእንግሊዝ ጦር በፈረንሳይ ግንባር የመድፍ ጥይት ሲያጥረው፣ መንግሥት የጦር መሣሪያ ማምረቻ ሚኒስቴር አቋቁሞ ፖለቲከኛውን ሎይድ ጆርጅን ሾመበት። ብዙ ባለሙያ ዘምቶ ስለነበር የሠራተኛ ማኅበራቱ፣ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ በሚል ስምምነት፣ ያልሠለጠኑ ሰዎችና ሴቶች በማሽን እንዲሠሩ ፈቀዱ። ይህንን «ማቅጠን» አሉት፤ ወተት ላይ ውሃ እንደ መጨመር መሆኑ ነው። የባለሙያዎቹን ምሬት ሳልነግርዎት ያውቁታል።

ዘዴው ሥራውን መበታተን ነበር። አንዷ ውጩን ትቆርጣለች፣ ሌላዋ ውስጡን ትቦረቡራለች፣ ሌላዋ አፉ ላይ ጥርስ ታወጣለች፤ ቀኑን ሙሉ ያንኑ ብቻ። መቁረጫውን የሚስለውና ማሽኑን የሚያስተካክለው እንደ እርስዎ ያለ ነባር ባለሙያ ነው። ልኩም የሚታወቀው ሁለት አፍ ባለው መለኪያ ነው፤ ጥይቱ በአንደኛው አፍ መግባት አለበት፣ በሁለተኛው መግባት የለበትም፤ በሁለቱም ከገባ ብረቱ ከልኩ በላይ ተበልቷልና ይጣላል። ቁጥር ያለውን መለኪያ፣ ካሊፐርን፣ ማንበብ እንኳ አያሻም።

እኔን ያስደነቀኝ ግን የመዳቡ ቀለበት ነው። በጥይቱ ታችኛ ክፍል ዙሪያውን ቦይ ይወጣና ወለሉ ላይ ሞገድ መሰል መስመር ይቀረጻል፤ መዳቡ በፕሬስ ሲጨመቅ ሞገዱን ሞልቶ ይነክሳል፣ ከዚያም ተመልሶ ቶርኖ ላይ ይወጣል። መድፉ ሲተኮስ በርሜሉ ውስጥ ያለው ጠመዝማዛ ቦይ መዳቡን ይዞ ጥይቱን ያሾረዋል፤ ሞገዱ ባይኖር ቀለበቱ ብቻውን ሊዞር ይችል ነበር።

ከከተማችን በስተ ምሥራቅ ባርንቦው የሚባል የጥይት መሙያ ፋብሪካ ነበር። በዲሴምበር 5 ቀን 1916፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ፣ ጥይቱን የሚያፈነዳው ፊውዝ በሚገጠምበት 42 ቁጥር ክፍል ፍንዳታ ደርሶ 35 ሴቶች ሞቱ። በጦርነቱ ሳንሱር ምክንያት ጋዜጦች እንዳይጽፉት ተደረገ።

አባቴ፣ በልጅነቴ ከመሣሪያ ሳጥንዎ አውጥቼ የምጫወትባትን፣ እርስዎም «ይገባል አይገባም» የሚሏትን ባለ ሁለት አፍ ብረት አሁን ነው በቅጡ ያወቅኋት። ዘይት ቀብተው ያስቀምጡልኝ፤ ለፋሲካ ስመጣ እወስዳታለሁ።

አክባሪ ልጅዎ