የጓሮው ግሪን ሃውስ ጣራ ወድቋል፤ የድጋፍ ጥሪ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዴንቨርና በአውሮራ የምትገኙ የደብራችን ምእመናን፣

ይህ ሦስተኛ ጥሪያችን ነው። እንደሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም ሰልችቶናል። ነገር ግን በመጋቢት አጋማሽ የጣለው እርጥብ በረዶ ግሪን ሃውሳችንን (በፕላስቲክ የተሸፈነውን የአትክልት ቤት) ሌሊቱን ሙሉ ሲጫነው አድሮ አፍርሶታል። መጀመሪያ ያዩት ማለዳ ለኪዳን የመጡ እናቶች ናቸው። ፕላስቲኩ ውሃ እንደሞላ ስልቻ ወደ ውስጥ ተንዘርጥጦ፣ የጣራው አናት እንጨት ለሁለት ተሰብሮ፣ ከሥሩ በየካቲት ያፈላነው የቲማቲምና የቃሪያ ችግኝ ተደፍጥጦ ነበር።

«ድሮስ በአሮጌ መዝለያ የተሠራ ቤት!» ያላችሁ እንዳላችሁ ሰምተናል። እንግዲያው ከመነሻው እናስረዳ።

ግቢውን ስንገዛ ጓሮው ውስጥ የተተወ ትራምፖሊን (ልጆች የሚዘሉበት ባለሞላ መዝለያ) ነበር። ሁለተኛውን ያመጡልን ልጆቻቸው ኮሌጅ የገቡላቸው ቤተሰብ ናቸው። የኢንሹራንሱ ሰው አይቶ «ወይ ይነሳል፣ ወይ ውሉ አይታደስም» አለ። ልጆቹ አለቀሱ። ይሁንና የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም ትራምፖሊን ለቤት መጫወቻ እንዳይሆን ሲመክር ቆይቷል። አብዛኛው ጉዳት የሚደርሰው ብዙ ልጅ ባንዴ ሲዘልበት ነው፤ የእኛው ላይ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከአምስት ልጅ ያነሰ ባንዴ ወጥቶ አያውቅም። የቆሻሻ መኪናው እንዳለ አላነሳም አለ። ጭኖ የሚጥል ሰው ለሁለቱ 350 ዶላር ጠየቀን። «ለመጣያ ከምንከፍል ብረቱን ለምን አንጠቀምበትም?» ያለው ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች አንዱ ነው።

ቅዳሜ ሙሉ ሞላ ስንነቅል ዋልን። የአንዱ ብቻ 96 ሞላ ነው። በተርታ ከተነቀለ የቀረው ወገን ወጥሮ አላላቅቅ ይላል፤ ስለዚህ እንደ መኪና ጎማ ብሎን አንዱን ከወዲህ፣ አንዱን ከማዶ እያደረግን ፈታን። ክቡ ብረት ለሁለት ሲቆረጥ ለግሪን ሃውሱ አጽም የሚሆን ሁለት ቅስት ይወጣዋል፤ ወርዱ 14 ጫማ፣ ቁመቱ 7። «በያጅ ለምን አልጠራችሁም?» ለሚለው፦ ብረቱ ዚንክ የተነከረ ነው፤ ሲበየድ ጭሱ ያሳምማል። በብሎን ያሰርነው ለዚህ እንጂ ለቁጠባ ብለን አይደለም።

የሚዘለልበት ጨርቅም አልተጣለም። ውሃ ስለሚያሳልፍ በረዶ ሊጥል ሲያጉረመርም በጎመኑ መደብ ላይ እንወጥረዋለን። ባለፈው ሐምሌ የጎረቤት ጎመን ወንፊት ሲሆን የእኛ ተርፎ ለፍልሰታ ማዕድ ቀርቧል። ጤና አዳሙንና በሶብላውን ቤቱ ያልወሰደ ካለ እጁን ያውጣ። አዲስ አበባ ከዴንቨር በ700 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፣ እንዲህ ያለ ክረምት ግን አታውቅም፤ እዚህ ውርጩ እስከ ግንቦት መባቻ አይለቅም። ያለ ጣራ ኮሰረት የሚባል ነገር የለም።

ስለ ገንዘቡ። ባለፈው የተሰበሰበው 2,180 ዶላር ነው። ለእንጨት፣ ለአፈር፣ ለብሎን፣ ለመቁረጫ ዲስክና ለፕላስቲክ 2,041 ወጥቷል፤ 139 ባንክ አለ። ደረሰኙ በሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት በሰማያዊው ፋይል ውስጥ ነው፤ እስካሁን ሊያይ የመጣ ሰው የለም። አዎ፣ ፕላስቲኩ ርካሹ ነበር፤ ወፍራሙን ብንገዛ አፈር መግዣ አይኖረንም ነበር። መሃሉ ላይ ምሰሶ አለማቆማችን ግን የእኛ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ።

ከአራቱ ቅስቶች ሦስቱ ዛሬም ቆመዋል። አራተኛው መገጣጠሚያው ላይ ታጥፏል፤ ለምትኩ አንዲት እናት አሮጌ ትራምፖሊናቸውን ሰጥተውናል። ብረት አንለምንም። ለጣራው አናት ቧንቧ፣ ለመሃል ምሰሶ፣ ለመደቡ ጥገናና 6 ሚል ውፍረት ላለው የግሪን ሃውስ ፕላስቲክ 1,900 ዶላር ያስፈልጋል። ከ139ኙ ጋር 735 ደርሷል፤ 1,165 ይቀራል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከዚያ ፈቀቅ አላለም። ቃል የገባችሁትን 11 ሰዎች ስም አንጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ። መበለቲቱ የጣለችው ሁለት ሳንቲም ነበር፤ ጌታ ግን ከሁሉ አብልጦ ቆጠረላት።

በስልክ ገንዘብ የምትልኩበት የዜል ቁጥር በቴሌግራም ግሩፓችን አናት ላይ ተሰክቷል፣ በመግቢያው ማስታወቂያ ሰሌዳም ተለጥፏል። እባካችሁ ሜሞው (የክፍያው ማስታወሻ) ላይ «ግሪን ሃውስ» ብላችሁ ጻፉ። ባለፈው ሜሞ ያልተጻፈበት 60 ዶላር የጧፍና የዕጣን ሒሳብ ውስጥ ገብቶ ለማውጣት ሁለት ስብሰባ ፈጅቶብናል። ቼክ በቤተ ክርስቲያኑ ስም ይሁን፤ እሱም ላይ «ግሪን ሃውስ»። ጥሬ ገንዘብ ለገንዘብ ያዧ ብቻ ስጡ፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ እንዳትሄዱ።

ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ሦስተኛውን ትራምፖሊን እንፈታለን። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያለው ይዞ ይምጣ፤ ሞላ ሲፈናጠር ዲያቆን፣ ቄስ አይልም። ቡናና የጾም ዳቦ ይኖራል።

የጓሮ አትክልት ኮሚቴ

ሜሞ፦ ግሪን ሃውስ። ቁጥሩ ሰሌዳው ላይ ነው።