ሰይዶ፣ አፉ በለኝ

ሰይዶ ወንድምዓለም እንዴት ከረምክ፣ ሁለት አመት ሙሉ ጠፍቼብህ ዛሬ ስጽፍ ከየት እንደምጀምር ጨንቆኛል። ለአባትህ ለቅሶ አልደረስኩም፣ ከዛ ደግሞ አፍሬ ስዘገይ ስዘገይ እዚህ ደረስኩ። አፉ በለኝ።

ቅዳሜ ሐርቡ ወርጄ እናትህ ጋ ገባሁ፣ እስከ በረካ ጠጣን፣ ደህና ናቸው አልሀምዱሊላህ። ግን ጂንካ ማርበርግ የሚሉት ከሌሊት ወፍ የሚመጣ የኢቦላ ዘመድ በሽታ ገባ ሲባል ሰምተው ቆርቆሮው ስር ያሉትን የሌሊት ወፎች በበርበሬ ጭስ የሚፈጅላቸው ልጅ ቀጥረዋል። መፍራታቸው ልክ ነው፣ እኔም የእንስሳት ላብራቶሪ እየሰራሁ ያን ሰሞን እንቅልፍ አልነበረኝም፣ ግን መፍጀቱ ነው የበለጠ የሚያስፈራኝ።

ኡጋንዳ ኪታካ የሚባል ማዕድን ማውጫ አለ፣ በፈረንጆቹ 2007 ሰራተኞቹ በማርበርግ ታመሙና የሌሊት ወፎቹን ጨረሷቸው፣ ቆይቶ ሌሎች ገብተው ሲመረመሩ ቫይረሱ ያለባቸው ከበፊቶቹ ከእጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ፣ በ2012 እዛው አካባቢ ወረርሽኝ ተነሳ። ደግሞ ያ የኪታካው የሌሊት ወፍ ዋሻ የሚኖር ፍራፍሬ በሊታ ነው፣ የናንተዎቹ ትንኝ ለቃሚ ናቸው፣ ኩሳቸው ውስጥ የነፍሳት ክንፍ አይቻለሁ።

የናንተዎቹም ይመርመሩ ወይ ብለህ ከጠየቅከኝ አዎ! ስልጠና ላይ እንዳየሁት ሲመሽ ሲወጡ ስስ መረብ ዘርግተህ ትይዛለህ፣ ጓንትና ጭምብል አርገህ አፋቸውንና ቂጣቸውን በጥጥ ነክተህ ጠብታ ደም ወስደህ ትለቃቸዋለህ። ፒሲአሩ፣ የቫይረስን ጂን አባዝቶ የሚያሳየው የላብራቶሪ ምርመራ፣ የኢቦላ ዘመዶች ሁሉ የሚጋሩትን የጂን ቁራጭ ስለሚፈልግ ስም ያልወጣለት ቫይረስም ይያዛል። ቦምባሊ የሚሉት የኢቦላ ዘመድ ሴራሊዮን ውስጥ እንዲህ ነው የተገኘው፣ በ2018 ይፋ ሆነ፣ ያውም ሰው ከሚኖርበት ቤት ጣራ ስር ከሚያድሩ የሌሊት ወፎች። ሰው አሳመመ የሚል እስካሁን አልሰማንም፣ አጥኚዎቹም ግደሏቸው አላሉም፣ እንዴት ተጠንቅቆ መኖር እንደሚቻል ነው ያስተማሩት። ይሄን ነገር በጣም ነው የምወድላቸው።

እናትህን ለመንኳቸው፣ «ሰይድ ይበለኝ» አሉ። በናትህ ዛሬውኑ ደውልላቸው። እህሉንና ውሃውን ይክደኑ፣ ኩሱን በደረቁ አይጥረጉ፣ ውሃ ረጭተው አፍንጫቸውን ሸፍነው ይጥረጉ፣ ልጆቹም በእጃቸው አይንኩ። ቀዳዳውን እኔ መጥቼ እደፍንላቸዋለሁ፣ ግልገሎቹ መብረር ከጀመሩ በኋላ ማታ ሁሉም ሲወጡ።

አንተስ መቼ ነው የምትመጣው? አባትህ መቃብር አብረን እንሂድ፣ ብቻዬን መሄድ ከበደኝ።